ስድስት ሚሊ

ጥር 8 ቀን 2017፣ ሐሙስ። ወልድያ።

የእንጨት መቅረጫ ማሽኔ ዛሬ ልክ ገባ። አዲሱን ቺንጋ፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ከገጠምኩለት በኋላ በኮምፒውተሩ «መቶ ሚሊ ቁረጥ» አልኩት፤ ቆረጠ። ቁራጩን በሜትር ስለካው መቶ አንድ ይላል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሞተሩ ለእያንዳንዷ ሚሊ የሚራመድበትን ቁጥር በመቶ አንድ ቀነስኩለትና ድጋሚ አስቆረጥኩት። መቶ። ሦስቴ ደጋገምኩት፤ መቶ፣ መቶ፣ መቶ። ከተጣሉ ማተሚያዎች ሞተር እየፈታሁ፣ ብረቱን ከቁርጥራጭ ተራ እየለቃቀምኩ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ዕቃ አንዲት ሚሊ ሳያዛንፍ ታዘዘኝ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሜትሬንም ጠገንኳት። ጫፏ ላይ ያለችው መያዣ ቆርቆሮ ላልታ ወዲያ ወዲህ ትል ነበር፤ በመዶሻ ቸክ ቸክ አድርጌ አጠበቅኳት። አሥራ አራት ዓመት በኮሌጅ የኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ የሠራ ሰው የላላ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል።

ከመርሳ ወጣ ብላ ባለችው በግራና የመስጊዱን በር ምስጥ በልቶታል። አባባ አዲስ በር ሊሠሩ ለመስጊዱ ኢማም ለሸህ ሚስባህ ቃል ሰጥተዋል። መርሳ ላይ ሃምሳ ዓመት አናጺ ሆነው ሲኖሩ የቤተ ክርስቲያኑንም የመስጊዱንም በር ሠርተዋል፤ ይሄ ግን የመጨረሻዬ ነው ይላሉ። የቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ እጃቸውም መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ስለዚህ ቴላዮውን፣ የበሩን ክፈፍ፣ እሳቸው በእጃቸው ይሠራሉ፤ በውስጡ የሚገቡትን ስድስት የዋንዛ ሳንቃዎች እኔ በማሽን እቀርጻለሁ። እያንዳንዱ ስድስት መቶ ሚሊ በአራት መቶ። ለረመዳን መግቢያ መድረስ አለበት።

ቁጥሩን ስነግራቸው እንደ ልማዳቸው ከድሮ የብረት ማስመሪያቸው ላይ ወደ ሸምበቆ ቀዱት፤ በቢላ ጫር አደረጉና ማስመሪያውን አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ሁሉን ነገር በዚያች ሸምበቆ ነው የሚሠሩት። ሳቅሁባቸው። እሳቸውም ሳቁ። አባባ በሕይወታቸው ሥራ አግዘኝ ሲሉኝ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው።

ጥር 16፣ ዓርብ።

ስድስቱም አለቁ። መብራት ሁለቴ ጠፍቶ አንዱን ሳንቃ ሊያበላሽብኝ ነበር፤ ተረፈ። የቀረጽኩባቸው ሐረግና ኮከብ ነው። ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ለአማከለች ላክሁላት፣ ለአባባ እንድታሳያቸው። «ስልኩን በጣታቸው ዳበሱት» አለችኝ። ጊዜ የለኝም፤ እሑድ መርሳ ነኝ።

ጥር 18፣ እሑድ ማታ። ወልድያ።

አልገጠመም።

እንዴት እንደሆነ በሥርዓቱ ልጻፈው። ሸህ ሚስባህ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከግራና መጥተው ነበር። ቴላዮው በአባባ ግቢ በሁለት አግዳሚ እንጨት ላይ ተጋድሟል። የመጀመሪያውን ሳንቃ አነሳሁና ወደ ቦዩ አስገባሁት። በአንድ ወገን ያዘ፤ በሌላው ወገን ወለቀና ቁልቁል ተንጠለጠለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ክፍተቱ የትንሽ ጣት ጥፍር ያህላል፣ ብርሃን ያሳልፋል። ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይለካ እስቲ» አሉ አባባ።

«ምኑ ይለካል አባባ? ይሄ በኮምፒውተር የተቆረጠ ነው። ስድስት መቶ ብዬዋለሁ፣ ስድስት መቶ ቆርጧል። የሰፋው ቴላዮው ነው። ዓይንዎ ነው።»

ያልኩት ይሄንኑ ነው። አልጮህኩም። ክፉ ቃል አልተናገርኩም። ሙያ ነው፣ በሙያ ደግሞ እውነቱ ይነገራል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «አይ ፈንታው፤ ዕድሜ ነው እንግዲህ፣ የማን ዓይን ይቀራል» አሉ። አባባ አውራ ጣታቸውን በቴላዮው ጠርዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬዱት፣ ከዚያ በሳንቃው ጠርዝ ላይ። ቀና ብለው ወደ እኔ አዩ፤ በደህናው ዓይናቸው።

«እንግዲያስ ስህተቱ የኔ ነው» አሉ።

ሸህ ሚስባህ «አብሽር ፈንታው፣ ይስተካከላል ኢንሻአላህ» ብለው ወሬ ቀየሩ። አማከለች ማንጎ አቀረበች። ስሄድ አባባ እንደ ወትሮው እስከ መንገድ ሸኙኝ።

ለምን ግን ሳንቃውን አልለካሁም? ሜትሬ ኪሴ ውስጥ ነበረች።

ጥር 21፣ ረቡዕ።

አማከለች ደወለች። አባባ መጋዙንም መሮውንም መላጊያውንም በጆንያ ጠቅልለው አልጋ ሥር አስገብተውታል። ትናንት ደግሞ የልጁን የሠርግ አልጋ ያዘዛቸው ጎረቤት መጥቶ እንጨቱን ወሰደ። «ጋሽ ፈንታው፣ እንዳልቸግርዎት ብዬ ነው» አላቸው። እሳቸው ራሳቸው አሸከሙት።

ወሬው ለመርሳ ሁሉ በሁለት ቀን ተዳርሷል። ትንሽ ከተማ እንዲህ ነው። እኔ ምን ላድርግ?

አንድ ነገር አደርጋለሁ። ሳንቃዎቹን በአባባ ስህተት ልክ አስፍቼ እንደገና እቆርጣለሁ። ዝም ብዬ እሸፍንላቸዋለሁ።

ጥር 25፣ እሑድ።

መርሳ ሄጄ ቴላዮውን ለካሁ። ስድስት መቶ። ደገምኩት። ስድስት መቶ። ስድስቱንም ክፍት ቦታ ከቦይ እስከ ቦይ፣ ቁመቱንም ወርዱንም ለካሁ። አንዱም አልተዛነፈም። ሞራ በጋረደው ዓይን፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ።

አባባ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ስንት አለህ?» አሉኝ።

«እ… ደህና ነው። ላየው ነው ገና።»

እዚያው ትቻቸው ከነበሩት ሳንቃዎች አንዱን ይዤ ወልድያ ተመለስኩና ለካሁት። አምስት መቶ ዘጠና አምስት። አምስት ሚሊ የት ገባ?

ዋንዛው ደርቆ ይሆናል። እርጥብ ሳለ ተቆርጦ ከዚያ ተኮማተረ። ይሄ ከሆነ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የእንጨት ጠባይ ነው። በዚህ ሐሳብ ትንሽ ደስ አለኝ።

ጥር 29፣ ሐሙስ።

ከመናኸሪያው ጀርባ የእንጨት ቤት ያለው ዓሪፍ ጋ ሳንቃውን ይዤ ሄድኩ። ገና ሳልጨርስለት ሳቀብኝ። «ወንድሜ ፈቃዱ፣ እንጨት በወርዱ እንጂ በቁመቱ አያጥርም። የአናጺ ልጅ ሆነህ?»

የአናጺ ልጅ ሆኜ። ልክ ነው፤ ይሄን በስምንት ዓመቴ አውቀው ነበር።

አማከለች ደውላ ነበር። አባባ ሰሞኑን አንድ ቀን በጠዋት ለብሰው፣ ባጃጅ ጠርተው ወጡ፤ ወዴት እንደሆነም አልነገሯት። ማታ ተመልሰው እራት በሉ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሳል ያዛቸው። አቧራው ይሆናል። ጥሩ ነው፣ መውጣታቸው ጥሩ ነው። ሰው ቤት ሲውል ነው የሚበሰብሰው።

የካቲት 3፣ ሰኞ።

ቺንጋውን አጠበቅሁ። ያው ነው። የሞተሩን ብሎኖች አጠበቅሁ። ያው። ፍጥነቱን በግማሽ ቀነስኩ፣ ሞተሩ እርምጃ እየዘለለ ይሆናል ብዬ። ያው። የመብራቱ ኃይል ይዋዥቅ ይሆን? በባትሪ ሞከርኩ። ያው፣ ያው፣ ያው። ትንሿን መቶ ሚሊ ስቆርጥ ሁልጊዜ መቶ ይላል! ትልቁ ላይ ነው የሚከዳኝ። ኮሌጅም አርፍጄ ገባሁ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ።

አገኘሁት።

ከዓሪፍ የአንድ ሜትር የብረት ማስመሪያ ተዋስኩና አራት ቁራጭ ቆረጥኩ፤ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አራት መቶ፣ ስድስት መቶ። በብረቱ ስለካቸው ዘጠና ዘጠኝ፣ መቶ ዘጠና ስምንት፣ ሦስት መቶ ዘጠና ስድስት፣ አምስት መቶ ዘጠና አራት። ጉድለቱ ከርዝመቱ ጋር ያድጋል። በየመቶው አንድ። ቺንጋ ቢላላ ኖሮ አጭሩም ረጅሙም እኩል ይጎድል ነበር፤ ስለዚህ ማሽኑ አልሳተም፣ የተነገረውን ነው የሠራው። እንዲያሳጥር የነገርኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩን በመቶ አንድ የቀነስኩለት እኔ ነኝ።

ታዲያ ያን ጊዜ መቶ አንድ ያለው ምንድነው? ሜትሬን ይዤ ወደ ዓሪፍ ሮጥኩ። ጫፏን በጣቱ ቢነቀንቃት አልንቀሳቀስ አለችው፤ «ማነው ያጠበቃት?» አለኝ።

«እኔ። ላልታ ነበር።»

«እንድትላላ እኮ ነው የተሠራችው! ከውጭ ስትለካ የቆርቆሮዋን ውፍረት ያህል ትሳባለች፣ ከውስጥ ስትለካ ያንኑ ያህል ትገባለች። አጥብቀህ ከውጭ የለካኸው ሁሉ አንድ ሚሊ ይጨምርብሃል።»

ቁራጩ መቶ፣ ሳንቃውም አምስት መቶ ዘጠና አምስት ሳይሆን ዘጠና አራት ነበረ። ማሽኑ ድሮውንም ልክ ነበረ። እኔ በጠገንኳት ሜትር ለክቼ አሳትኩት። ተማሪዎቼን «በአጭር ርቀት ለክታችሁ አትመኑ፤ በረጅሙ ፈትሹ» እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ!

አባባ ልክ ነበሩ። በሸምበቆ። ሽማግሌ ፊት «ዓይንዎ ነው» አልኳቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ነገ እደውልላቸዋለሁ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ።

ማሽኑን አስተካክያለሁ። ስድስት መቶ ብዬ ስድስት መቶ ቆረጠ፣ በብረት ማስመሪያ።

አባባ ራሳቸው ደወሉ። የቀራቸውን የዋንዛ ጣውላ ሁሉ በሚኒባስ ጣሪያ ልከውልኛል፤ ምንም ሳልጠይቃቸው። ለአማከለች ቁም ሣጥን ሊሠሩበት ያስቀመጡት ነበር።

«ሰበቡን አገኘኸው?» አሉኝ።

«እየፈለግሁ ነው አባባ።»

«ታገኘዋለህ። አትቸኩል።» ሳል አቋረጣቸው። «ሌላስ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ስልክ ላይ የሚባል ነገር አይደለም፤ ፊት ለፊት ይሻላል።

የካቲት 16፣ እሑድ። ቅበላ።

አዲሶቹ ስድስት ሳንቃዎች አለቁ። እያንዳንዱን በብረቱ ለክቻለሁ። ነገ ጾም ይገባል፣ በሳምንቱ ደግሞ ረመዳን።

አስቤ አስቤ አንድ ነገር ላይ ደርሻለሁ። ቃሉ የወጣው በሽማግሌዎቹ ፊት ነው፤ መመለስም ያለበት በሽማግሌዎቹ ፊት ነው። በሩ ግራና ላይ ሲሰቀል፣ ሁሉም ባለበት፣ አባባ ባሉበት እናገራለሁ። ብቻቸውን ብነግራቸው ምን ይረባቸዋል? መርሳ አይሰማም። ይሄ ትክክለኛ ሐሳብ ነው፤ ሰበብ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ሌላ ነገር ላይ ነው።

አማከለች ሁለት ጊዜ ደወለች፣ አላነሳሁም። ጽሑፍ ላከች፤ «ሌሊት ሌሊት ትንፋሽ ያጥራቸዋል። መቼ ነው የምትመጣው?»

የካቲት 21፣ ዓርብ። መርሳ።

ሳንቃዎቹ ገጠሙ። ስድስቱም ቦያቸው ውስጥ እፍን ብለው ገቡ፤ መዶሻ እንኳን አላስፈለገም።

አባባ አልጋቸው ላይ ሆነው ነበር። ደግፌ ወደ ግቢ አወጣኋቸው። ሐረጉን በጣታቸው ተከተሉት፣ ከዚያ ሳንቃውና ቴላዮው የሚገናኙበትን በጥፍራቸው ዳሰሱ።

«አሁን ገጠመ» አሉ።

«ገጠመ።»

«ምን አድርገህ?»

ጎረቤት ሊጠይቃቸው መጥቶ አጥሩ ሥር ቆሞ ነበር። ጎረቤቱ ባይኖር እናገር ነበር። «ትንሽ ማስተካከያ» አልኩ። ጎረቤቱ ራሱን ነቀነቀ፤ ጎበዝ ልጅ፣ የአባቱን ጥፋት በማሽን አቃናው እንደማለት። አባባ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ ውስጥ ግቡ አሉን።

በሩን ለመስቀል ነገ ግራና እንሂድ ስላቸው «ልዳንና አብረን» አሉ። ስለዚህ ለረመዳን መግቢያ አልደረሰም። ሸህ ሚስባህ በስልክ «አብሽሩ፣ ሰውየው ይቅደም» ብለዋል።

አማከለች በጓሮ በኩል ያዘችኝ። ከዚያ እሑድ በማግስቱ አባባ ሸምበቋቸውን አምጥተው የመጀመሪያዎቹን ሳንቃዎች ሲለኩ አይታቸዋለች። አንድ በአንድ። ሲጨርሱ ሸምበቆዋን ሰብረው ምድጃ ውስጥ ከተቷት።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ምንም። ‹ለማንም እንዳታወሪ› ብቻ።»

ምን ፈልገው ይሆን? ምናልባት የራሳቸውን ልክ ሊፈትሹ። ሽማግሌ ሰው ዝም ብሎ እጁ ሥራ ይፈልጋል።

እንዳገገሙ በሩን እንሰቅላለን። ያን ቀን እናገራለሁ።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ።

አባባ ሌሊት አረፉ። አልደረስኩም።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ። መርሳ፣ ለቅሶ ቤት።

አልጻፍ ብሎኝ ነበር።

የግራና ሰዎች በጾም አፋቸው መጡ። ውሃ እንኳን ሳይቀምሱ በፀሐይ ቃሬዛውን ከኛ ጋር እየተቀባበሉ ተሸከሙ። ሸህ ሚስባህ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሸኝተው እዚያው ቆመው ጠበቁ። እኔ ከፊት ሆኜ ስሄድ ከኋላዬ አንድ ሰው፣ «ደህና አናጺ ነበር፤ በመጨረሻ ዓይኑ ከዳው እንጂ» ሲል ሰማሁ። ሌላው «ልጁ ባይኖር ያን በር…» አለ። ዞር ልል ነበር። አስከሬን ፊት ነገር አይነሳም ብዬ ተውኩት። ሁልጊዜ አንድ ምክንያት አይጠፋኝም።

ሃያ ስድስት ቀን ነበረኝ። ቆጥሬዋለሁ። ካወቅሁበት ቀን እስካረፉበት ሃያ ስድስት ቀን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር። ስንት ጊዜ ጠየቁኝ! በበሽታ ነው የሞቱት ይላሉ፣ ሐኪሙም ሳንባ ነው ብሏል። እኔ ግን መሣሪያቸው በጆንያ ተጠቅልሎ አልጋቸው ሥር እንዳለ፣ እሳቸው ከላዩ ተኝተው እንዳረፉ አውቃለሁ። አባቴን ናፈቅሁ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ዝም ያልኩበትን ሰዓት ሁሉ መልሱልኝ ብል ማን ይመልስልኛል?

መጋቢት 19፣ ዓርብ። ግራና፤ ወደ ወልድያ ተመልሼ የጻፍኩት።

በሩ ተሰቀለ። ከጁምዓ ሶላት በፊት አራት ሆነን አነሳነው፣ በማጠፊያው ላይ አሳረፍነው፣ በአንድ ጣት ገፋሁት፤ ድምፅ ሳያሰማ ተዘጋ። ሰዉ ግቢውን ሞልቶ ነበር። አማከለችም ከሴቶቹ ጋር ቆማለች።

ተናገርኩ። ሁሉንም ተናገርኩ።

«ያን ቀን ቴላዮው ሰፍቷል ያልኩት ስህተት ነው። አባባ አንዲት ሚሊ አልሳቱም። የጎደለው የኔ ሳንቃ ነው፣ ስድስት ሚሊ። ማሽኑን ያሳትኩት እኔ ነኝ። ይሄን ካወቅሁ አርባ ቀን አልፎኛል፣ ዝም አልኳችሁ። ለእሳቸውም ዝም አልኳቸው።»

ሸህ ሚስባህ መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ልጄ፣ አባትህ ራሱ መጥቶ ነግሮናል። ያኔ በሳምንቱ ብቻውን በባጃጅ መጣ። ወላሂ እዚችው ጋ ቆሞ፣ ‹እጄ ነው የሳተው፣ የልጄ ማሽን ትክክል ነው፤ በኔ ምክንያት ሥራውን እንዳትነፍጉት› አለን።»

«ሸህ፣ እሳቸው ያን ያሉት እኔን ለመሸፈን ነው!»

«አንተም ይሄን የምትለው እሱን ለመሸፈን ነው። ልጅ ማለት እንዲህ ነው።»

«አይደለም! የመጀመሪያዎቹ ሳንቃዎች ቤት አሉ፣ ላምጣቸውና ይለኩ…»

ያን ቀን «ዕድሜ ነው» ያሉት ሽማግሌ ትከሻዬን ያዙ። «ተው ልጄ። የሞተ ሰው ሥራ አይለካም። የአባትህን ጥፋት በጫንቃህ ወሰድክ፤ አላህ ዘርህን ይባርክ።»

«አሚን» አለ ግቢው ሁሉ። መረቁኝ። እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ምርቃት መረቁኝ፣ እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ ቆሜ ተመረቅሁ። ከዚያ ወደ ሶላት ገቡ፣ በአዲሱ በር።

ያመነችኝ አማከለች ብቻ ናት። እስከ መርሳ ድረስ በባጃጅ አጠገቤ ተቀምጣ ፊቷን ከኔ አዙራ ሄደች።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ። ወልድያ።

ጠዋት አንድ ሰው ከውርጌሳ መጣ። አዲስ ለሚሠራው ቤት ባለ ቅርጽ በር ይፈልጋል። «የግራናውን በር አይቼ ነው» አለኝ። «ማሽንህ አንዲት ሚሊ አትስትም አሉኝ። አባትህንም አውቃቸው ነበር፣ በመጨረሻ ዓይናቸው ደከመ እንጂ።»

«አባቴ አልሳቱም» አልኩት።

«ነፍሳቸውን ይማር» አለና ፈገግ አለልኝ። «ነገሩኝ፣ እንደዚህ እንደምትል።»

ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ወርድ ዘጠና፣ ቁመት ሁለት ሜትር ከአሥር። ጻፍኩለት። ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል አልኩት።